ከአቃቂ ወንዝ እስከ ቤታችን ምጣድ



ሰው የሚበላውና የሚጠጣው ከየት እንደሚመጣለት የሚጠይቀው የቀረበት ዕለት ነው። ውሃው በቧንቧ ሲወርድለት ምንጩን አያስብም፤ እንጀራው በመሶብ ሲቀርብለት ገበሬውን አያስብም። የኤሌክትሪክ መብራትም እንደዚሁ ነው። ማታ እጃችንን ወደ ግድግዳው ዘርግተን ማብሪያውን ስንጫን ቤቱ ቀን ይመስላል፤ ከዚያም በኋላ ስለ መብራቱ የሚናገር ሰው የለም። የጠፋ እንደ ሆነ ግን ሕፃን ሽማግሌው ሁሉ ስለ መብራት ዐዋቂ ይሆናል፤ ጥፋተኛውንም ለይቶ ይፈርድበታል።

እኛም እንደዚሁ ነበርን። በፍርድ ቤት ጽሕፈት ቤት ተቀምጠን የሰውን ክርክር ስንጽፍ ብዙ ዓመት ስላሳለፍን፥ ሁለቱን ወገን ሳይሰሙ መፍረድ ነውር መሆኑን ከማንም ይልቅ ልናውቅ ይገባን ነበር። ነገር ግን በአንዲት ሌሊት ይህን ሁሉ ረስተን ፈረድን። ኋላም ነገሩን ከሥሩ ለመመርመር መንገድ ወጣን፤ ይህ ጽሑፍ የዚያ መንገድ ወሬ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ የተመረቀው ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው። በማግሥቱ፥ በዘመን መለወጫ ዋዜማ፥ በአዲስ አበባ በየቤቱ ቄጠማ ተጎዝጕዞ፥ ልጆች በየደጁ ችቦ እያበሩ ሳሉ፥ ከምሽቱ በሁለት ሰዓት ግድም በሰፈራችን መታጠፊያ ከቆመው ትራንስፎርመር የጠመንጃ ተኩስ የሚመስል ድምፅ ተሰማ። ሰማዩ አንድ ጊዜ ሰማያዊ ሆነና ሰፈሩ በሙሉ ጨለመ።

በግቢያችን በስተ ኋላ ካሉት ክፍሎች በአንዱ የሚኖሩ አንዲት መበለት አሉ፤ በቤታችን ትንሹም ትልቁም «እትዬ» ይላቸዋል። እንጀራ ጋግረው ለሱቅና ለምግብ ቤት እያስረከቡ ሦስት ልጆች ያሳድጋሉ። በዚያች ሌሊት ሁለት መቶ እንጀራ ሊያደርሱ ቃል ገብተው ቀብድ ተቀብለው ነበር። ሊጡ ኩፍ ብሎ፥ ምጣዱ ተሰምቶ፥ የመጀመሪያው እንጀራ ሊወጣ ሲል መብራቱ ሄደ። በማገዶ እንዳይጋግሩ ምጣዳቸው የኤሌክትሪክ ነው፤ ማገዶም በዚያ ሰዓት ከየትም አይገኝም። መብራቱ የተመለሰው በሦስተኛው ቀን ነበርና ሊጡ ሆምጥጦ ተደፋ፤ ቀብዱም ለባለቤቱ ተመለሰ።

እኛ በሻማ ብርሃን ተቀምጠን በልጆቻችን ፊት ሹሙንም ሠራተኛውንም በአንድነት ወቀስን። እትዬ ግን ማንንም አልወቀሱም። በደጃችን ቆመው እንዲህ ሲሉ ጠየቁን፦ «ጋሼ፥ እርስዎ የተማሩ ሰው ነዎት። ትናንት ግድቡ ተመረቀ ሲባል በራድዮ ሰምቼ እልል ብያለሁ። ውሃው ሞልቶ ሳለ መብራቱ እኔ ቤት ሳይደርስ የት ቀረ?»

መልስ አጣን። በቤተ ክህነት ትምህርት ቤት ዳዊት ደግመናል፤ በሚሲዮን ትምህርት ቤትም ስለ ኤሌክትሪክ ጥቂት ተምረን ነበር፤ ነገር ግን «የት ቀረ?» ተብሎ ሲጠየቅ የሚመለስ ነገር በአፋችን አልተገኘም። ስለዚህ የመስቀል በዓል ካለፈ በኋላ በአንዲት ቅዳሜ የበኵር ልጃችንን ይዘን፥ የመብራትን መንገድ ከምንጩ እስከ ደጃችን ልንከተል ተነሣን።

የመጀመሪያው ጉዟችን ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ፥ ከአቃቂ ባሻገር ወዳለው ወደ አባ ሳሙኤል ነበር። ከአቃቂ ከተማ ከወጡ በኋላ ሜዳው ሰፊ ነው፤ መሬቱ ጥቁር መረሬ፥ ጤፉ በዚያ ወራት አረንጓዴ ሆኖ በነፋስ እንደ ውሃ ይተኛል ይነሣል። በየመስኩ የቀረው አደይ አበባም ገና አልረገፈም ነበር። ትልቁ አቃቂና ትንሹ አቃቂ ከተማይቱን በምሥራቅና በምዕራብ አቋርጠው ወርደው የሚገናኙት በዚሁ ስፍራ ነው።

የአዲስ አበባ የኤሌክትሪክ ታሪክ ከዚህ ወንዝ ጋራ የተያያዘ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1890 ዓ.ም. ግድም በቤተ መንግሥታቸው በሞተር የሚሠራ የኤሌክትሪክ መብራት አስገቡ። በ1904 ዓ.ም. ግድም ደግሞ በአቃቂ ወንዝ ላይ በውሃ ኃይል የሚሠራ ትንሽ ጣቢያ ተተከለ። መብራቱም ከቤተ መንግሥት ወደ ጎዳናና ወደ ጥቂት መሥሪያ ቤቶች ወጣ። ከዚያ በኋላ የአባ ሳሙኤል ግድብ ተሠርቶ ለከተማይቱ ዋና የብርሃን ምንጭ ሆኖ ብዙ ዘመን አገለገለ።

ከግድቡ አጠገብ ቆመን ውሃውን ስናይ ግን ደስታችን ከሐዘን ጋራ ተቀላቀለ። ውሃው ጥቁር ነው፤ ሽታው ከሩቅ ይጣራል። በላዩም እንቦጭ የሚሉት አረም እንደ ምንጣፍ ተዘርግቷል። የከተማው ጉድፍና የፋብሪካው እጣቢ ሁሉ በሁለቱ ወንዞች ወርዶ የሚያርፈው በዚህ ነውና። ሐይቁ በደለል ስለ ተሞላ ጣቢያው ለብዙ ዓመታት ሥራ ፈትቶ ኖረ፤ ኋላ በ2009 ዓ.ም. ታድሶ 6.6 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ ሆነ።

ልጃችን ውሃውን ጥቂት ተመልክቶ፥ «አባባ፥ ወንዙ ለከተማው መብራት ሰጠ፤ ከተማው ለወንዙ የሰጠው ይኼን ነው?» አለን። እኛም ዝም ብለን ወደ ጤፉ ተመለከትን። ልጅ የተናገረውን ታላቅ ሰው ሊያስተባብል የማይችልበት ጊዜ አለ።

ከአባ ሳሙኤል ስንመለስ በቃሊቲ በኩል መጣን። በዚያ ታላቅ የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ጣቢያ አለ። ከአጥሩ ውጪ ሆኖ የሚመለከት ሰው የብረት ዛፎች የተተከሉበት የአትክልት ቦታ ይመስለዋል፤ ከሩቅ አገር የመጡ ወፋፍራም ገመዶች ከረጃጅም የብረት ምሰሶዎች ወርደው በዚያ ይገቡና ቀጥነው ወደየሰፈሩ ይወጣሉ። ይህንን ነገር በጥቂቱ ማስረዳት ይገባናል።

ኤሌክትሪክ ከሩቅ አገር ሲጓዝ በገመዱ ውስጥ እየሞቀ ከኃይሉ ጥቂቱን በመንገድ ያጣል። በአንድ ገመድ የሚሄደው የኤሌክትሪክ ፍሰት እጥፍ ሲሆን የሚባክነው ሙቀት እጥፍ ብቻ አይሆንም፤ አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ መሐንዲሶች ፍሰቱን አሳንሰው፥ ቮልት የሚባለውን ግፊቱን ከፍ አድርገው ይሰዱታል። ከሕዳሴው ግድብ ተነሥቶ በአዲስ አበባ አቅራቢያ እስካለችው እስከ ሆለታ የሚመጣው መስመር 500,000 ቮልት ነው። ወደ ከተማ ሲገባ ግፊቱ በየማከፋፈያ ጣቢያው ደረጃ በደረጃ ይቀነሳል፤ በየሰፈሩ ምሰሶ ላይ ብዙውን ጊዜ 15,000 ቮልት ሆኖ ይሄዳል፤ በመጨረሻም የሰፈሩ ትራንስፎርመር 220 ቮልት አድርጎ ወደ ቤታችን ይሰደዋል። እንግዲህ መብራት ከግድብ ወጥቶ በአንድ እርምጃ ቤት የሚገባ አይደለም፤ ከሹም ወደ ሹም እንደሚተላለፍ ደብዳቤ በብዙ እጅ ያልፋል። ደብዳቤው ከአንዱ ጠረጴዛ ላይ የቀረ እንደ ሆነ፥ የላከው ሰው ምንም ቢተጋ ለተላከለት አይደርስም።

በቃሊቲ አጥር ሥር ቆመን ያለፉትን ዘመኖች አሰብን። በኢጣሊያ ወረራ ጊዜ የኤሌክትሪኩን ሥራ ኮኒኤል የተባለ የኢጣሊያ ኩባንያ ይዞት ነበር። ከነጻነት በኋላ በ1940 ዓ.ም. የሸዋ ኤሌክትሪክ ኃይል የሚባል ድርጅት ቆመ። በ1948 ዓ.ም. ደግሞ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ መብራትና ኃይል ባለ ሥልጣን ተቋቋመ፤ ሕዝቡ እስከ ዛሬ አሳጥሮ «መብራት ኃይል» የሚለው ከዚያ የመጣ ስም ነው። በ1952 ዓ.ም. ኢጣሊያ በከፈለችው የጦር ካሣ በአዋሽ ወንዝ ላይ የተሠራው የቆቃ ግድብ ሥራ ጀመረ፤ ኃይሉም 43.2 ሜጋ ዋት ነበር። ከዚያ ወዲህ የፊንጫ፥ የመልካ ዋከና፥ የግልገል ጊቤ፥ የተከዜና የበለስ ጣቢያዎች ተከታትለው ተሠሩ። ዛሬ የሕዳሴው ግድብ በ13 ተርባይኖቹ 5,150 ሜጋ ዋት ሊያመነጭ የሚችል ነው፤ ይህም ከታደሰው ከአባ ሳሙኤል 780 እጥፍ ያህል ነው።

ውሃ ያነሰበትንም ዘመን አልረሳንም። የአገራችን ኤሌክትሪክ ከመቶ ዘጠናው የሚበልጠው ከውሃ የሚገኝ ስለ ሆነ፥ ክረምቱ ሲሰስት መብራቱም ይሰስታል። በ2001 ዓ.ም. በየግድቡ ውሃ ጐድሎ አንድ ቀን ብርሃን፥ አንድ ቀን ጨለማ እየሆነ በፈረቃ ስንኖር፥ እኛ ወጣት ጸሐፊ ነበርን። መዝገቡን በመስኮት ብርሃን እየገለበጥን፥ በፈረቃችን ቀን የሁለት ቀን ሥራ እንሠራ ነበር። በ2011 ዓ.ም. በግንቦት ወር ደግሞ የጊቤ ሦስተኛው ግድብ ውሃ ስለ ጐደለ በአገር ውስጥ የ476 ሜጋ ዋት ጉድለት መኖሩ ተገለጸና እንደ ገና በፈረቃ አደርን። በዚያን ጊዜ «መብራቱ የት ቀረ?» ብሎ ለሚጠይቅ ሰው መልሱ አጭር ነበር፤ ከሰማይ አልወረደም ይባላል።

በ2017 ዓ.ም. ጳጉሜን ግን ሰማዩ አልሰሰተም፤ ግድቡም ሞልቷል። ስለዚህ መብራቱ የቀረው ከምንጩ ሳይሆን ከመንገዱ ላይ መሆን አለበት ብለን፥ በሁለተኛው ቀን መንገዱን በራሳችን ሰፈር ልንመረምረው ወጣን።

በታላላቆቹ ጎዳናዎች ስንሄድ ብዙ ነገር ተለውጦ አየን። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የኮሪደር ልማት በደረሰባቸው መንገዶች ገመዱ ከምሰሶ ወርዶ ከመሬት በታች ተቀብሯል፤ ሰማዩ ከገመድ ነጻ ሆኖ ይታያል። ከዋናው ጎዳና ወደ ውስጥ ወደ እኛ ሰፈር ስንታጠፍ ግን የቀድሞው ነገር እንዳለ ነው። የእንጨት ምሰሶው ዘሟል፤ ከአንዱ ምሰሶ ወደ ሃያ ቤት የተዘረጋው ሽቦ የሸረሪት ድር መስሏል፤ የባሕር ዛፉ ቅርንጫፍም ነፋስ በመጣ ቁጥር ገመዱን ይገርፈዋል።

በትራንስፎርመሩ ሥር አንድ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ በረጅም ዘንግ ፊውዝ ሲመልስ አገኘነው። ሰላምታ ሰጥተን፥ «ወንድም፥ የዘመን መለወጫ ለት ይኼ ነገር ለምን ተቃጠለ?» ብለን ጠየቅነው። እርሱም ሥራውን ሳያቋርጥ እንዲህ ሲል መለሰልን፦

«ጋሼ፥ ይኼ ትራንስፎርመር 315 ኪሎ ቮልት አምፔር ነው። አንድ የእንጀራ ምጣድ 3,600 ዋት ያህል ይፈልጋል። ያካፍሉት እስቲ።»

በወረቀት ላይ አካፈልነው፤ ከዘጠና ምጣድ በታች መጣ። ያም ሌላ አምፑል፥ ሌላ ምድጃ፥ ሌላ የውሃ ማሞቂያ ሁሉ ጠፍቶ ነው። በሰፈሩ ያሉትን ቤቶች በዓይናችን ቆጠርን። ትራንስፎርመሩ ሲተከል በየግቢው አንድ ቤት ነበረ፤ ዛሬ ከአንዱ አጥር ውስጥ አራትና አምስት አባወራ ይኖራል። በበዓል ዋዜማም ሁሉም በአንድ ሰዓት ምጣዱን ይጥዳል። ዘጠኝ ዋት የሚበላ አንድ የዘመኑ አምፑል ቢታሰብ፥ አንድ ምጣድ አራት መቶ አምፑል ማለት ነው። መብራቱን ሁለት ሰዓት አጥፍተን ቈጠብን ብለን ምጣዱን ከምሽቱ በአንድ ሰዓት የጣድን እንደ ሆነ፥ ከጎተራው እህል በጆንያ እያወጡ የወደቀውን ፍሬ እንደ መልቀም ነው።

ሠራተኛው ሌላም ነገር አሳየን። ከትራንስፎርመሩ የሚወጡት ዋና መስመሮች ሦስት ናቸው፤ ጭነቱ ለሦስቱ እኩል መከፈል አለበት። ነገር ግን ሰው ሁሉ በቅርቡ ካገኘው ሽቦ ላይ ሲቀጥል፥ አንዱ መስመር ከዐቅሙ በላይ ሲሸከም ሌላው ቀሎት ይውላል። «በቅሎ በአንድ ጎን ብቻ ብትጫን ጭነቱ ቢቀልም ትወድቃለች» አለን። ይህንንም ሲናገር ስለ ሥራው እንጂ ስለ እኛ የሚናገር አልመሰለንም ነበር። አባቶቻችን ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ያሉት በእውነት ለዚህ ነገር የተነገረ ይመስላል።

ከዚያ በኋላ ሽቦዎቹን አንድ በአንድ በዓይናችን ስንከተል፥ ከሁሉ የከበደውና በየመጋጠሚያው የጠቆረው ሽቦ ወደ ማን ቤት እንደሚሄድ አየን። ወደ እኛ ቤት ነበር።

ክቡራን አንባቢዎች፤ እዚህ ላይ ብዕራችን ሊዘገይ ፈልጎ ነበር። ነገር ግን የሰው ጥፋት በመዝገብ ሲጽፍ የኖረ ሰው የራሱን መዝለል አይገባውም።

ቆጣሪያችን የገባው አንድ አባወራ ለሚኖርበት ቤት ነበር። ከዚያ ወዲህ ሁለተኛ ምጣድ ጨመርን፤ የውሃ ማሞቂያም አስገባን። እትዬ ክፍሉን ሲከራዩ፥ አዲስ ቆጣሪ ለማስገባት ከመድከም ብለን በአንድ የመንደር ሠራተኛ እጅ ከእኛ ቆጣሪ ቀጭን ሽቦ ቀጠልንላቸው። ጭነቱ ሲበዛ ፊውዙ በየሳምንቱ ይቃጠል ጀመር። ፊውዝ ማለት ከዐቅም በላይ ሲጫን ራሱ ተቃጥሎ ቤቱንና መስመሩን የሚያድን ቀጭን ሽቦ ነው። እኛ ግን በነገሩ ተሰላችተን ወፍራም የመዳብ ሽቦ አስገባንበት፤ ከዚያ ወዲያ አልተቃጠለም። በፍርድ ቤት አነጋገር ብንናገረው፥ እውነቱን የሚናገረውን ምስክር አፉን ይዘን ዝም አሰኘነው። ምስክሩ በቤታችን ዝም ቢል፥ ነገሩ በመታጠፊያው በትራንስፎርመሩ ላይ እንደ ጠመንጃ ጮኸ። በእርግጥ ያቃጠለው የእኛ ቤት ብቻ አይደለም፤ በየግቢው እንደ እኛ ያደረገ ሁሉ ነው። ነገር ግን በዚያች ሌሊት በሻማ ተቀምጦ ሹማምንትን ሲወቅስ ያመሸው እኛ ነበርን።

ከዚህም የባሰ ሁለተኛ ነገር አለ። የቤት ኤሌክትሪክ ዋጋ በደረጃ የሚወጣ ነው፤ ጥቂት የሚጠቀም ሰው በርካሽ ይከፍላል፥ ብዙ የሚጠቀም ሰው ለአንዱ ኪሎ ዋት ሰዓት የሚከፍለው ከፍ ይላል። ይህም ሥርዐት ለድኻው ታስቦ የተሠራ ነው። ሁለት ቤት በአንድ ቆጣሪ ሲቀጠል ግን ፍጆታው ተደምሮ ወደ ላይኛው ደረጃ ይወጣል። ስለዚህ እትዬ የራሳቸው ቆጣሪ ቢኖራቸው ይከፍሉት ከነበረው በላይ፥ በእኛ ማሞቂያና በእኛ ሁለት ምጣድ ምክንያት ሲከፍሉ ኖረዋል። እኛም የወሩን ሒሳብ ስናካፍል ነገሩን ቈጥረን አናውቅም ነበር። በጽሕፈት ቤታችን በጋራ ቆጣሪ ምክንያት የተጣሉ ጎረቤቶችን ክርክር ስንት ጊዜ ጽፈናል! ተከሳሹ እኛን የመሰለ ሰው መሆኑን ግን አላየንም።

ወደ ቤት ተመልሰን ነገሩን ለባለቤታችን ነገርናት። እርሷም ጥቂት ዝም ብላ፥ «ሒሳቡን እኔ አወጣዋለሁ፤ እርስዎ ደግሞ ሄደው ይንገሯቸው» አለችን። የአሥር ወር ሒሳብ እስከ ሌሊቱ አጋማሽ ስታወጣ አመሸች። በማግሥቱ ገንዘቡን በፖስታ አድርገን፥ የተደፋውን ሊጥ ዋጋ ጨምረን ወደ እትዬ ክፍል ሄድን። ጥያቄያቸውንም መለስንላቸው፦ «እትዬ፥ መብራቱ የት ቀረ ብለው ጠይቀውን ነበር። ከመታጠፊያው ትራንስፎርመር ላይ ነው የቀረው። ካስቀሩትም ሰዎች አንዱ እኛ ነን።»

እትዬ ፖስታውን አልተቀበሉም። እጃቸውን በመቀነታቸው ጠርገው እንዲህ አሉን፦ «ጋሼ፥ የፈሰሰ ሊጥ በገንዘብ አይታፈስም። ገንዘቡን ለራሴ ቆጣሪ ማስገቢያ ያድርጉልኝ። ከገንዘቡ ይልቅ ግን አንድ ነገር ብለምንዎ፥ በበዓል ዋዜማ ሌሊቱን ለእኔ ይልቀቁልኝ። እናንተ ቀን ብትጋግሩ ትበላላችሁ፤ እኔ ሌሊት ካልጋገርኩ ልጆቼ አይበሉም።»

በዚያው ሳምንት ማመልከቻቸውን በእጃችን ጻፍንላቸው። በቤታችን የነበረው ወፍራም የመዳብ ሽቦ ወጥቶ በልኩ የተሠራ መቁረጫ ገባ። ማሞቂያው ምጣድ በተጣደበት ሰዓት እንዳይበራ ባለቤታችን ደንብ አወጣች። ከዚያም የሰፈሩን የእድር ሽማግሌዎች ሰብስበን የሠራተኛውን ሒሳብ በወረቀት አሳየናቸው። አንዳንዱ ሳቀ፤ አንዳንዱ «በገዛ ምጣዳችን በፕሮግራም ልንጋግር ነው?» ብሎ ተቆጣ። አንድ አዛውንት ግን ተነሥተው፥ «ውሃ በመስኖ ስንከፋፈል በተራ አልነበረምን? አባቶቻችን ተራውን የጣሰውን ሰው ይቀጡ ነበር፤ ይኼም ውሃ ነው፥ በሽቦ የሚፈስ ነው» አሉ። ከዚያ በኋላ የተከራከረ ሰው አልነበረም።

በዚህ ዓይነት የ2018 ዓ.ም. የገና ዋዜማ ሲደርስ፥ በሰፈራችን ምጣድ የሚጣደው በሦስት ተራ ሆነ፤ አንዱ ወገን ጧት፥ አንዱ ወገን ከቀትር በኋላ፥ እንጀራ ሸጠው የሚያድሩ እናቶች ደግሞ ከሌሊቱ አምስት ሰዓት በኋላ። ያን ማታ በደጃችን ተቀምጠን ትራንስፎርመሩን እንደ ታመመ ሰው ስንጠብቀው አመሸን። ከምሽቱ በሁለት ሰዓት አምፑሉ ፈዘዘና ልባችን ደነገጠ፤ ተራውን ያልጠበቀ ሰው እንደ ነበረ አያጠራጥርም። ነገር ግን ደከመ እንጂ አልጠፋም። ሌሊቱን ከእትዬ ክፍል የእንጀራው ሽታ ወደ ግቢው ሲወጣ ሰማን፤ ሲነጋም ሁለት መቶው እንጀራ በየመሶቡ ተጭኖ ሄደ።

እንግዲህ ከዚህ መንገድ የተማርነውን በአጭሩ ለአንባቢዎቻችን እናቀርባለን።

ለእመቤቶችና ለባለቤቶች፤ ምጣድ፥ ማሞቂያና ምድጃ በአንድ ሰዓት አይጣዱ። ፊውዝ ሲቃጠል የሚናገረው ነገር አለና ይሰማ፤ በወፍራም ሽቦ አይተካ፥ ቤት የሚቃጠለውም በዚህ ነው። ተከራይ ያለው ሰው የተከራዩን ሒሳብ በቅን ያስብ፤ ቢቻል የራሱን ቆጣሪ ያስገባለት። የወደቀ ሽቦ ያየ ሰው ልጆችን ያርቅ እንጂ በእጁ አይንካ።

በሥልጣን ላይ ላላችሁ ክቡራን ደግሞ በትሕትና የምናመለክተው አንድ ነገር ብቻ ነው። ግድብ ሲመረቅ ሰንደቅ ዓላማ ይሰቀላል፥ እልልታ ይሰማል፤ ይህም የተገባ ነው። ትራንስፎርመር ሲለወጥና ዘማማ ምሰሶ ሲተከል ግን እልል የሚል የለም። ነገር ግን 5,150 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ታላቁ ሥራ ወደ መበለቲቱ ምጣድ የሚደርሰው በዚያ ዘማማ ምሰሶና በዚያ ቀጭን ሽቦ ነው። ለምንጩ የተሰጠው ክብር ለመንገዱም ይሰጥ። ለአቃቂም ወንዝ አንድ ቀን አሳቢ ይነሣለት፤ በውሃ ኃይል የመጀመሪያውን መብራት የሰጠን እርሱ ነውና።

እኛ በልጅነታችን የኔታ ፊት በኩራዝ ጭስ እየተቃጠልን ፊደል ቆጥረናል። በሚሲዮን ትምህርት ቤትም ጄነሬተሩ ከምሽቱ በሦስት ሰዓት ሲዘጋ፥ የጀመርነውን ገጽ ሳንጨርስ እንተኛ ነበር። ዛሬ ልጆቻችን እስከ እኩለ ሌሊት በብርሃን ያነባሉ። ያን ብርሃን ከደጃችን ሆነን የምንጠብቀው እኛው ነን፤ የምናጠፋውም እኛው ልንሆን እንችላለን።

የእትዬ ቆጣሪ ከገና በኋላ ገባላቸው። በገባ ለት አንድ ትኵስ እንጀራ በሰፌድ አድርገው ወደ ቤታችን አመጡና፥ «ጋሼ፥ ይኼ በራሴ መብራት የተጋገረ የመጀመሪያው ነው» አሉን። ከልጆቻችን ጋራ ቆርሰን በላነው።